ሄኖክ ከማን ጋር ሄደ? በጨዋታ ውስጥ ስለሚጠሩ ቅዱሳን ስሞች ለክርስቲያን ወገኖች የተጻፈ ምክር



ይህችን ትንሽ ጽሕፈት የምጽፍልህ በደምቢያ አገር በቆላ ድባ ከተማ ተቀምጬ ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወደ ደቡብ ቢወርዱ የጣና ባሕር፥ ወደ ላይ ቢወጡ ጎንደር ይገኛል። ትንሽነቷን የምነግርህ በከንቱ አይደለም። በትንሽ ከተማ በጉባኤ ፊት የተነገረ ቃል ሳይመሽ ከቤት ወደ ቤት ይደርሳል፤ በአደባባይ የተዋረደም ልጅ የሚሸሸግበት ሌላ መንደር የለውም። እኔም እንዲህ ያለ ልጅ አዋርጃለሁና፥ ይህን ጽሕፈት ሌላውን ለመገሠጽ ብቻ ሳይሆን የገዛ በደሌን ለመናዘዝ እጽፈዋለሁ።

እኔ ፊደልን ከየኔታ እግር ሥር ቈጥሬ፥ በኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ በዚያም ወንጌልን ተቀብዬ የማገለግል ሰው ነኝ። ዕድሜዬ እኩሌታውን አልፏል። ወደ ጉባኤያችን ከሚመጡት ተማሮች መካከል አባቱ የሞተበት አንድ ጠያቂ ልጅ ነበረ። ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን ከስብከት በኋላ ቀረበኝና «ጋሼ፥ ሄኖክ ከመላእክት ጋር ተዋግቶአልን? ሰምያዛና አዛዝኤልስ የት ተጽፈዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ከወዴት እንዳገኘው ብጠይቀው፥ ልጆች ገንዘብ እየከፈሉ ከሚጫወቱበት ቤት፥ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ከሚታይ ጌም እንዳገኘው ነገረኝ።

ወዳጄ ሆይ፥ እኔ ጨዋታውንም መጽሐፉንም አላውቅም ነበር። ለማያውቅ ሰው «አላውቅም» ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! ነገር ግን በአለማወቄ ማፈሬ ወደ ቍጣ ተለወጠ። በሚከተለው እሑድ በመድረክ ላይ ቆሜ፥ የአጋንንትን ስም በአፋቸው እያመላለሱ ወደ እግዚአብሔር ቤት ስለሚገቡ ልጆች ተናገርሁ። ስሙን አላነሣሁም፤ ዓይኔ ግን ወደ እርሱ ተመለከተ፥ የጉባኤውም ዓይን ሁሉ ዓይኔን ተከተለ። ልጁ ተነሥቶ ወጣ። እናቱ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አልተመለሰም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቱ ወደ ቤቴ መጥታ በደጅ ቆመች። አልተቈጣችም፤ «ወንጌላዊ ሆይ፥ ልጄ የጠየቀዎ ጥያቄ ነበረ። መልሱ ምን ነበር?» ብቻ አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ከዓይኔ ራቀ። በማግሥቱም ሦስት ነገር ልፈልግ ቈረጥሁ፤ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፥ መጽሐፉ ምን እንደሚል፥ ልጁም ወዴት እንዳለ። ያገኘሁትን በተራ እነግርሃለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ጨዋታው

ጨዋታው «ኤል ሻዳይ፥ የሜታትሮን ዕርገት» ይባላል። በጃፓን አገር የተሠራ ነው፤ ሥራውን የመራውና የሰዎቹን መልክ የነደፈው ሳዋኪ ታኬያሱ የተባለ ሰው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ለሚባሉት መሣሪያዎች ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ለኮምፒዩተር ተዘጋጀ። ተጫዋቹ የሄኖክን መልክ ለብሶ ሰባት የወደቁ መላእክትን ይፈልጋል። እነርሱን ካልያዘ ምድር በጥፋት ውኃ ትጠፋለች። ሚካኤል፥ ገብርኤል፥ ሩፋኤልና ዑራኤል እንደ ዝይ ባሉ ነጭ የውኃ ወፎች አምሳል ይረዱታል። ሉሲፌል የተባለ አንድ መልአክም አብሮት ይሄዳል፤ ይህም ጥቍር ልብስ የለበሰ፥ ከጊዜ ሩጫ ውጭ የሚኖር፥ ከእግዚአብሔርም ጋር በእጅ ስልክ የሚነጋገር ሆኖ ተሥሏል።

ይህን በሰማሁ ጊዜ በመዠመሪያ ሳቄ መጣ፥ ቀጥሎ ግን ሐሳብ ያዘኝ። ስሞቹ ከአንድ ምንጭ አልተቀዱምና። «ኤል ሻዳይ» እግዚአብሔር ለአብርሃም በተገለጠ ጊዜ፥ በኦሪት ዘፍጥረት በ17ኛው ምዕራፍ የተጠራበት የዕብራይስጥ ስም ነው፤ ሁሉን የሚችል አምላክ ተብሎ ይተረጐማል። ሄኖክ ሜታትሮን የሚባል ታላቅ መልአክ ሆነ የሚለው ነገር ከአይሁድ ዘንድ በዕብራይስጥ ከተጻፈ ከሌላ የሄኖክ መጽሐፍ የመጣ ነው፤ በግዕዙ መጽሐፍ አይገኝም። የወደቁት መላእክት በጨዋታው «ግሪጎሪ» ይባላሉ፤ ቃሉ የማያንቀላፉ፥ የሚተጉ ማለት ከሆነው ከግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፥ በስላቮን ቋንቋ በተጠበቀው የሄኖክ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የእኛ አባቶች «ትጉሃን» ይሏቸዋል። ሉሲፌል የሚለው ስም ደግሞ ሉሲፈር ከሚለው ተበጅቷል፤ ይኸውም በላቲኑ የኢሳይያስ መጽሐፍ በ14ኛው ምዕራፍ ለአጥቢያ ኮከብ የተሰጠ ስም ነው። እንግዲህ ጨዋታው ከብዙ ማሳ የተለቀመ እህል ነው፤ ስንዴውም እንክርዳዱም በአንድ ስልቻ ገብተዋል። የሚለይ ሰው ያስፈልጋል እንጂ ስልቻውን አይቶ የሚጮኽ ሰው አይጠቅምም።

፪ኛ፤ ስለ መጽሐፉ

መጽሐፉን ለማግኘት የት እሄዳለሁ? በከተማችን መጽሐፈ ሄኖክን በሚገባ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እርሳቸውም በልጅነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝ የኔታ ናቸው። እኔ ግን ወንጌልን በተቀበልሁበት ዘመን በክርክር ተለያይተን ከሃያ ዓመት በላይ ደጃቸውን አልረገጥሁም ነበር። እያፈርሁ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን ዐወቁት። «የኔታ፥ መጽሐፈ ሄኖክን ሊያስነብቡኝ ይችላሉን? ከእኔ ተሸሽጎ ኖሯል» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ መጽሐፉ አልተሸሸገም፤ የተሸሸግህስ አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚህም ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። የመጣሁበትን ምክንያት በነገርኋቸው ጊዜ እጅግ ሣቁና «ከጎንደር ወጥቶ ጃፓንን ዞሮ ወደ ቆላ ድባ ተመለሰ በለኛ!» አሉ።

የኔታ እንደ ቀልድ ያሉት ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ሳለ፥ ከመዠመሪያው እስከ መጨረሻው ምሉዕ ሆኖ የተጠበቀው በአገራችን በግዕዝ ቋንቋ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1770 ወደ ጎንደር መጥቶ ከቈየ በኋላ፥ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የዚህን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። አንዱ በፓሪስ፥ አንዱም በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ከዚያም ጀርመናዊው አውግስጦስ ዲልማን በ1851 ግዕዙን አሳተመ። በኋላ ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በአራማይክ ቋንቋ የተጻፉ የዚሁ መጽሐፍ ቍርጥራጮች ተገኙ፤ ከእነርሱም ጌታችን ከመወለዱ በፊት የተጻፉ አሉ። ስለዚህ የጃፓን ሠዓሊ ስለ ሄኖክ ማንበብ የቻለው፥ በእኛ አገር ስማቸው ያልታወቀ ጸሐፍት በብራና ላይ ጎንበስ ብለው ስለ ደከሙ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አባቶች ይህን መጽሐፍ ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ጋር ይቈጥሩታል፤ ቤተ እስራኤልም ያከብሩታል። እኛ በወንጌላውያን ጉባኤ ያለነው ስድሳ ስድስቱን እንቀበላለን። ዛሬ ስለዚህ ክርክር አላነሣም። ሐዋርያው ይሁዳ ግን በመልእክቱ በ14ኛውና በ15ኛው ቍጥር ሄኖክ ስለ ጌታ መምጣት የተናገረውን ትንቢት እንዳነሣ ሁላችን እናውቃለን። ሐዋርያ ያልናቀውን መጽሐፍ እኔ ሳላነብብ መናቄ ምን ዐይነት ትሕትና ነው?

የኔታ ብዙ ምሽት በግዕዝ እያነበቡ በአማርኛ ተረጐሙልኝ። መጽሐፉ 108 ምዕራፍ አለው። ሁለት መቶ ትጉሃን መላእክት የሰውን ልጆች ሴቶች ተመኝተው በሄርሞን ተራራ እንደ ወረዱ፥ አለቃቸው ሰምያዛ በመሐላ እንዳሰራቸው፥ ከእነርሱም ግዙፋን ሰዎች እንደ ተወለዱና ምድርን በግፍ እንደ ሞሏት ይናገራል። አዛዝኤልም ሰውን ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፥ ዓይን መኳልንና ጌጥንም አስተማረ። እግዚአብሔር ሩፋኤልን ልኮ አዛዝኤልን እጅና እግሩን አስሮ በጨለማ እንዲጥለው አዘዘ፤ ለኖኅም ስለሚመጣው ውኃ መልአክ ላከ።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ስሞቹ በእውነት ተጽፈዋል። ሄኖክ ግን ከመላእክት ጋር አልተዋጋም። ይህን ለመመለስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ፈንታ አንዲት ነፍስ ከጉባኤ አስወጣሁ።

፫ኛ፤ ጨዋታውንና መጽሐፉን ስለ ማስተያየት

አሁን ከሁለቱ ንጽጽር የምናገኘውን ትምህርት እንመልከት።

ፊተኛው ነገር የሰይፍና የብዕር ነው። በጨዋታው ሄኖክ ከጠላቶቹ እጅ የጦር መሣሪያ ነጥቆ፥ በእጁ ዳስሶ አንጽቶ፥ በዚያው ይዋጋል። በመጽሐፉ ግን ሄኖክ የጽድቅ ጸሐፊ ይባላል፤ በእጁም ያለ ብዕር ነው። ሰይፍን ለሰው ያስተማረው አዛዝኤል እንደ ሆነ አስብ! ጨዋታው ዓመፀኛው መልአክ ያመጣውን ነገር በጻድቁ እጅ አኖረው። ይህን ስል ጨዋታውን የሠሩትን ለመክሰስ አይደለም፤ ጨዋታ ያለ ግጥሚያ አይሆንምና። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። እኛስ የቍጣን ሰይፍ ከዓለም ነጥቀን፥ «ቅንዓተ መንፈሳዊ» የሚል ስም ሰጥተን፥ ያነጻነው መስሎን በወንድማችን ላይ አላነሣነውምን? እኔ አንሥቻለሁ። ሰይፍ ስሙ ስለ ተለወጠ ስለቱ አይዶለዱምም።

ሁለተኛው ነገር የልመና ነው። ትጉሃኑ ፍርዳቸውን በሰሙ ጊዜ ከኀፍረት የተነሣ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሣት አልቻሉም። ስለዚህ ሄኖክን የልመና ጽሕፈት እንዲጽፍላቸው ለመኑት። እርሱም በደላቸውን እያወቀ አልተጸየፋቸውም፤ ልመናቸውን ጽፎ፥ በዳን ውኃ አጠገብ ተቀምጦ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አነበበው። ልመናው ተቀባይነት አላገኘም፤ ለሰው ሊማልዱ ይገባቸው የነበሩ መላእክት ሰውን አማላጅ ማድረጋቸው ተነቀፈ። የጸሐፊው ርኅራኄ ግን አልተነቀፈም። ይህን የኔታ ባነበቡልኝ ምሽት ልቤ ተሰበረ። ሄኖክ ለታወቁ በደለኞች ልመና ጻፈ፤ እኔ ግን ምንም ላልበደለ ጠያቂ ልጅ ክስ ተናገርሁ። ከሁለታችን የእግዚአብሔርን መንገድ የሄደ ማን ነው?

በዚህም ላይ የስልኩን ነገር እጨምራለሁ። በጨዋታው ከእግዚአብሔር ጋር በስልክ የሚነጋገር ሉሲፌል ነው፤ ተጫዋቹም የሚሰማው የሉሲፌልን ቃል ብቻ እንጂ በወዲያ በኩል የሚመለሰውን አይደለም። በሥዕል ነገር ይህ ቀልድ ነው፤ በኑሮ ግን ብዙ ሰዎች እግዚአብሔር በሌላ ሰው ስልክ ብቻ የሚገኝ ይመስላቸዋል። ልጁም እንዲህ ሳይመስለው አልቀረም፤ ስለዚህ መጥቶ እኔን ጠየቀኝ፥ እኔም ስልኩን ዘጋሁበት። ክርስቲያን ሆይ፥ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ በኩል ወደ አብ ለመቅረብ መንገድ ተከፍቶልሃል። ሰባኪ ቢቈጣህ እግዚአብሔር የተቈጣህ አይምሰልህ።

ሦስተኛው ነገር የጊዜ ነው። ጨዋታው ለሰው በተዋወቀበት ምስል ላይ፥ ሄኖክ በጠላት በተሸነፈ ጊዜ ሉሲፌል በጣቱ ቋ ያደርጋል፤ ጊዜውም ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ሄኖክም የተሻለ ልብስ መርጦ እንደ ገና ይዠምራል። በጨዋታ ውስጥ የወደቀ ሁሉ እንዲሁ ነው። ይህ ለወጣት ልብ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ለእኔም በዚያ እሑድ ቢሆንልኝ ምንኛ በወደድሁ! ነገር ግን ከአፍ የወጣ ቃል አይመለስም። እግዚአብሔር የሰጠን ነገር ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን፥ እኛ ራሳችን መመለስ ነው፤ ስሙም ንስሓ ይባላል። ንስሓ የሆነውን እንዳልሆነ አታደርገውም፤ የበደለውን ሰው ግን ወደ በደለበት ስፍራ እንዲሄድ እግር ትሰጠዋለች።

፬ኛ፤ ምክር

ለእናንተ ለተማሮች፥ እንዲህ እመክራችኋለሁ። ቅዱስ ስም በጨዋታ ውስጥ ባገኛችሁ ጊዜ አትደንግጡ፥ ሁሉንም እንደ እውነት አትቀበሉ። ይህ ስም ከወዴት መጣ? በመጽሐፉ ምን ሠራ? በጨዋታው ምን ተጨመረበት? ብላችሁ መርምሩ። በመስኮቱ ፊት የተቀመጣችሁበትን ሰዓት ቍጠሩ፤ ከዚያም መጽሐፉን ለማንበብ የሰጣችሁትን ሰዓት ቍጠሩ፤ የቱ እንደሚበልጥ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ጨዋታው የመጽሐፍ ደጅ ቢሆንላችሁ መልካም ነው፤ በደጅ ቆሞ መቅረት ግን ቤት መግባት አይደለም።

ለእናንተ ለወላጆችና ለመምህራን፥ ለራሴም ጭምር፥ እንዲህ እላለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ከመናገሩ አስቀድሞ ከተማይቱን ዞሮ ተመለከተ፤ በመሠዊያቸው ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ ከባለቅኔዎቻቸውም ቃል ጠቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ወንጌልን ሰበከላቸው። እኛ ግን ሳናይና ሳናነብብ እንፈርዳለን። ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና እፍረት እንደ ሆነ በመጽሐፈ ምሳሌ በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ልጅ ሲጠይቃችሁ የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉት። ይህ ቃል ክብራችሁን አይቀንስም። የእኔን ክብር የቀነሰው አለማወቄ አልነበረም፤ ዐዋቂ መስዬ መቆሜ ነው።

፭ኛ፤ ስለ ልጁ

ከዚህ በኋላ ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ። «በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አልሁት፤ የመጽሐፉንም መልስ ነገርሁት። በጸጥታ ሰማኝ። በመጨረሻም «ጋሼ፥ ሲሰድቡኝ በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ግን ለብቻዬ ነው» አለኝ። ስለ ክብሬ ልከራከር አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ግን ዘጋሁት። እውነቱን ተናግሯልና።

በሚከተለው እሑድ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ በደሌን በጉባኤው ፊት ተናገርሁ። ልጁ በዚያ ቀን አልመጣም ነበር፤ እናቱ ግን በስፍራዋ ተቀምጣ ነበር፥ አንገቷንም ቀና አደረገች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ መጥቶ በበሩ አጠገብ በኋለኛው ወንበር ተቀመጠ። እስካሁንም የሚቀመጠው በዚያው ነው። ወደ ፊት እንዲመጣ አልጐተትሁትም። ከትምህርት ሲመለስ ግን አንዳንድ ቀን ወደ የኔታ ቤት እየገባ ግዕዙን ሲያነብላቸው እሰማለሁ፤ ዓይናቸው ደክሟልና የእርሱ ዓይን ያገለግላቸዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሄኖክ በኦሪት የተጻፈው እጅግ አጭር ነው። 365 ዓመት ኖረ፥ አካሄዱንም ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ፥ እግዚአብሔርም ስለ ወሰደው አልተገኘም። ስለ ጦርነቱ፥ ስለ ልብሱ፥ ስለ ድሉ ምንም አልተጻፈም፤ ከማን ጋር እንደ ሄደ ብቻ ተጻፈ። አንተስ ከማን ጋር ትሄዳለህ? ከእግዚአብሔር ጋር የሚሄድ ሰው ደካማውን ጥሎ አይሮጥም፤ ጌታው ከደካሞች ጋር ቀስ ብሎ ይሄዳልና። ዛሬ በቃልህ ያቈሰልኸው ሰው ቢኖር፥ ይህችን ጽሕፈት አስቀምጠህ ወደ እርሱ ሂድ። ጽሕፈቱ ይጠብቅሃል፤ ሰው ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ጌታ ሆይ፥ አንደበታችንን ከችኰላ ጠብቅ፤ ልጆቻችንን ከስሕተት፥ እኛንም ከትዕቢት አድን። ከአንተ ጋር መሄድን አስተምረን። አሜን።